ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓዲግራት፦ ድንጋይ ከድንጋይ ስናዛምድ

ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ሊባኖስ

ይህን ጉዞ ያመጣው አንድ የእርሳስ መስመር ነው።

ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣውን ድንጋይ በየሜትሩ እያየሁ መመዝገብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስድስት ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጉድጓዶች ቀይ አሸዋ ድንጋይ አወጡ። እኔም አንድ ንጣፍ ነው ብዬ ወረቀት ላይ በመስመር አገናኘኋቸው። መስመሩን አምነን መሃል ላይ ሦስተኛ ጉድጓድ ቆፈርን። ደረቅ ሆነ። የመንደሩ እናቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሲጠብቁ ነበር። ባዶውን ይዘው ሲመለሱ ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ይህን ለድሮ መምህሬ ነገርኳቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እኛ ግን አሁንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ድንጋይን በመልኩ ብቻ አታዛምደውም። ተነስ፣ አባይንና ትግራይን በእግርህ እይ" አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬም "እኔን ጥላችሁማ አትሄዱም" አለች። ከሾፌሩ ጋር አራት ሆንን።

በሱሉልታ፣ በጫንጮ አድርገን ረፋዱ ላይ ደብረ ሊባኖስ ደረስን። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። መኪናውን አቁመን ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድን። ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ ሰው ቢመጣ ግድም የላቸው። ከእግራችን ስር የጀማ ሸለቆ ቁልቁል ተዘርግቷል።

ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ፈስሶ የቀዘቀዘው ላቫ አለ። ከእሱ ስር ፈካ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ ቆሟል። የጂኦሎጂ ባለሙያው ጌታነህ አሰፋ ይህን አሸዋ ድንጋይ በዚሁ ቦታ ስም "የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ" ብለውታል። ከስሩ ያለውን የጭቃ ድንጋይ ደግሞ በሙገር ሰየሙት። አንድን ንጣፍ በደንብ በሚታይበት ቦታ ስም መጥራት በሙያው የተለመደ ነው። ስሙን የሰማ ሰው የት ሄዶ እንደሚያየው ያውቃል።

ጋሼ ከትምህርቱ ሀሁ ጀመሩ። ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል የዴንማርክ ሰው በ1669 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፈው ሕግ ነው። ካልተገለበጠ በቀር ከታች ያለው ቀድሞ የተነጠፈ ነው፣ ከላይ ያለው ተከታዩ። ቀላል ይመስላል። አንድ ገደል ላይ ሲሆንም ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሁለተኛ ገደል ሲጨመር ነው።

ማታ ጎሐ ጽዮን አደርን። አልጋ 200 ብር። ውሃ በጀሪካን ነው፤ ብርዱ ደግሞ ለብቻው። ብርድ ልብሱን ደርበን ተኛን።

ጥር 15፣ ፍልቅልቅ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ርቀት ውስጥ ከ2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ወደ 1,100 ገደማ ይወርዱና እንደገና ይወጣሉ። ደጋ ላይ ጃኬት ለብሰን ጀምረን ፍልቅልቅ ስንደርስ በሸሚዝ ቀረን።

አስፋልቱ እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ይወድቃል። በአንዳንድ ቦታ ግማሹ ተንሸራቶ ወርዷል። በተደጋጋሚ ተጠግኗል፣ ግን መልሶ ይሰነጠቃል። ሾፌራችን "መንገዱን የሠሩት ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ" ሲል ጋሼ ከመኪናው አስወረዱት። ከመንገዱ ስር ያለውን ግራጫና አረንጓዴ ሼል፣ በስሱ የሚገነጠለውን የጭቃ ድንጋይ፣ በእጃቸው ዘገኑ። እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረፈረ። "ይኸው። ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ምን ይሆናል?" አሉት። ከላይ የኖራ ድንጋዩና የባዛልቱ ክብደት፣ ከታች ይህ ልስልስ ሼልና ጄሶ። መንሸራተቱ አይገርምም።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሲኖትራክ መታጠፊያው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሳጭ ነበር። የቆምነው ግን በትክክል ማየት የምንፈልገው ቦታ ላይ ነበር። የመለኪያ ዘንጋችንን አውጥተን ሥራ ጀመርን።

ዘንጉ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ከንጣፉ ግርጌ ታቆመዋለህ፣ በጫፉ አግድም ታነጣጥራለህ፣ ያነጣጠርክበት ቦታ ላይ ወጥተህ እንደገና ታቆማለህ። በእያንዳንዱ ንጣፍ ቀለሙን፣ የቅንጣቱን መጠን፣ ከስሩ ካለው ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ ትጽፋለህ። ወሰኑ እንደ ቢላ የተቆረጠ ነው ወይስ ቀስ እያለ የሚለወጥ? ይህች ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። ቀስ እያለ ከተለወጠ ባሕሩ ወይም ወንዙ ሳይቋረጥ እያነጠፈ ቆይቷል ማለት ነው። ከተቆረጠ በመሃል የጠፋ ዘመን ሊኖር ይችላል።

ባልደረባዬ አንድ ነጭ ንጣፍ አገኘች። ተጠግተን አየነው። በሁለት ቡናማ የሼል ንጣፎች መሃል የጣት ውፍረት ያለው ነጭ መስመር ነው። ውስጡ እንደ ሐር ክር በተሰካኩ ቀጫጭን ጭረቶች የተሞላ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። በጥፍሯ ጫረችው፣ ተጫረ። አሲድ ጠብ አደረገችበት፣ ዝም። ጄሶ ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ጠንካራ ቢጫማ ንጣፍ አለ። አሲዱ እዚያም ዝም አለ። በመዶሻው ጫፍ ፍቃ ዱቄት አድርጋ ስታንጠባጥብበት ግን ቀስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ዶሎማይት ነው፤ ማግኒዚየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ። የኖራ ድንጋይ ቢሆን ሳይፈቀፈቅ ነበር የሚፈላው።

ጄሶ ማለት የደረቀ ባሕር ማለት ነው። ጥልቀት የሌለው የጨው ውሃ ፀሐይ ሲያተነው የሚቀር ነገር ነው። የቆምንበት ተዳፋት ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን እንደ ዛሬው የአፋር ጨው ሜዳ ያለ ነበር ብዬ ሳስብ የሙቀቱ ነገር ተረሳኝ።

ይህን የሼል፣ የጄሶና የዶሎማይት ጥቅል ጌታነህ አሰፋ በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር "የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን" ብለው ለይተውታል። ውፍረቱ 450 ሜትር ገደማ ነው። በኋላ የመጡ ሌሎች አጥኚዎች ግን ያንኑ ገደል ሌላ ቦታ ላይ ይቆርጡታል። ከታች የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ ጄሶ ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቢላዋው ያረፈበት ቦታ ይለያያል። የሁለት ሰዎችን ጥናት ስታነብ መጀመሪያ ሁለቱም የት የት እንደቆረጡ ካላየህ ስሙ ራሱ ያሳስትሃል።

ረቡዕ ነበርና ምሳችን የጾም ነው። ፍልቅልቅ ላይ ሽሮ በ35 ብር በላን።

ጥር 16፣ ድልድዩና ደጀን

ከጄሶው በታች ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ይጀምራል። ወንዙ የሚፈስበት ቀይ ግድግዳ እሱ ነው። "የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ" ይባላል። አባይ በረሃ ላይ ቆመህ ስለ ዓዲግራት ስታወራ መጀመሪያ ግራ ይገባል። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲሄድ ትግራይን አቋርጦ ያየውን በ1870 አሳተመ። "የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ" እና "የአንታሎ የኖራ ድንጋይ" የሚሉት ስሞች ከእሱ የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ከታች ያለ ቀይ አሸዋ ድንጋይ ሁሉ ዓዲግራት፣ ከላዩ ያለ የኖራ ድንጋይ ሁሉ አንታሎ ተባለ።

በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተመረቀው በአዲሱ ድልድይ ተሻገርን። ጠባቂዎቹ ካሜራ እንዳናወጣ አስጠነቀቁን። አሮጌው ድልድይ ጎኑ ላይ ቆሟል።

በኩራር በኩል ስንወጣ ንጣፎቹ በተቃራኒው ተመለሱ። አሸዋ ድንጋይ፣ ጄሶና ሼል፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ። ከወዲያ ማዶ ያለውን ግድግዳ በዓይን መከተል ይቻላል፤ ንጣፍ ለንጣፍ ይገጥማል። ማዛመድ ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን እኔም ያን ጉድጓድ አላስቆፍርም ነበር።

የኖራ ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ጎንበስ ብለው ከጠጠሩ መሃል አንድ ነገር አነሱ። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከአውራ ጣቴ ጫፍ ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ቅርፊት አለው፤ አንዱ ከሌላው ጎበጥ ይላል። ከጫፉ ጀምሮ ወደ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጉብታዎች ይወርዳሉ። ሁለቱ ቅርፊቶች የሚገጥሙበት ጠርዝ ዚግዛግ ነው፤ መሃሉ ላይ ከፍ ብሎ ይታጠፋል። ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቀዳዳ አለች። እንስሳው በዚያች ቀዳዳ በኩል ነበር ከባሕሩ ወለል ጋር የሚጣበቀው።

ብራኪዮፖድ ነው። ሶማሊሪንኪያ ከሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል አሉ ጋሼ። በሶማሊያም፣ በኢትዮጵያም፣ በዓረብ አገርም ይገኛል። ለማዛመድ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው፤ ብዙ ቦታ የተሠራጨ፣ በምድር ላይ ግን የኖረበት ዘመን አጭር የሆነ። ሁለት የተራራቁ ገደሎች ላይ እሱን ካገኘኸው ስለ ቀለም ሳትጨነቅ ስለ ዘመን ማውራት ትችላለህ። አሸዋና ኖራ በየትኛውም ዘመን ሊነጠፍ ይችላል። አንድ የጠፋ የእንስሳ ዝርያ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ደጀን ማታ ገባን። ያደርንበት ቤት ባለቤት እናት ቦርሳችንን ሲያዩ "ልጆቼ፣ አገር ቤት ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" አሉን። ብራኪዮፖዱን አሳየኋቸው። ገለባበጡትና፣ "ይሄማ በልጅነታችን እረኛ ሆነን ቀለበት ስንጫወት የምንለቅመው ነው" አሉ። የት እንደሚበዛም ነገሩን። በማግስቱ ያሉት ቦታ ሄደን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት ቀን የበለጠ ለቀምን። የደጀን ማኛ እንጀራ በጥብስ በላን፤ ሂሳቡን ስንጠይቅ የእራቱን አንቀበልም አሉ። ለአልጋው ብቻ 150 ከፈልን። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ እንጀራ አግኝቼ አላውቅም።

ጥር 19፣ መቀሌ

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን በአውሮፕላን መቀሌ ገባን። አሲዳችን ግን ፍተሻ ላይ ቀረ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ማሰብ ነበረብን። ጋሼ መቀሌ ገበያ ገብተው አንድ ጠርሙስ አቼቶ በ25 ብር ገዙ። "ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል። ድንጋዩን ፍቆ ዱቄቱ ላይ ነው" አሉ። እውነትም ሠራ። ለቀሪዎቹ ቀናት ቦርሳችን ሁሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።

የመቀሌ ቤቶች ያስቀናሉ። እኛ ጋ ሁሉም ብሎኬት ነው። እዚህ የተጠረበ የኖራ ድንጋይ ነው። የማረፊያችን ግድግዳ ላይ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በግማሽ ተቆርጦ አየሁ። ቁርስ እስኪመጣ ግድግዳ ስናነብ ቆየን።

ጥር 20፣ ሕንጣሎ

የኮንትራት መኪና በቀን 1,800 ብር ተስማማን። በዓዲ ጉዶም አድርገን ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ከዓዲ ጉዶም በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ጎማ ተነፈሰብን። ሕንጣሎ ብላንፎርድ "አንታሎ" ብሎ የጻፋት ናት። ከፊቷ አምባ አራዶም እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይታያል። ላዩ ላይ ያለው አሸዋማ ንጣፍም በእሱ ስም ይጠራል፤ ከደብረ ሊባኖሱ ጋር የሚዛመደው እሱ ነው።

እዚህ የኖራ ድንጋዩ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አባይ ላይ 400 ገደማ ነበር። ግርጌው ላይ ግን ትልቁ ጥያቄ መጣ። አባይ ላይ በአሸዋ ድንጋዩና በኖራ ድንጋዩ መካከል 450 ሜትር የጎሐ ጽዮን ሼልና ጄሶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ያ ጥቅል የለም። አሸዋ ድንጋዩ በቀጭን የመሸጋገሪያ ንጣፍ በኩል በቀጥታ ወደ ኖራ ድንጋዩ ያልፋል።

ታዲያ የት ሄደ? ተሸርሽሮ ነው? ባልደረባዬ ያን ማታ ሳትተኛ አደረች ብል ማጋነን አይሆንም።

ጥር 21፣ ዓጉላዕና ውቅሮ

ዓጉላዕ አጠገብ በሼሉ መሃል ጥቁር ወፍራም ንጣፍ አየን። "ላቫ ነው፣ ሼሉ ሲነጠፍ የፈሰሰ" አልኩ። ጋሼ "ከላይና ከታች ያለውን ሼል ንካው" አሉኝ። ሁለቱም ጠንክሯል፣ ተጠብሷል። የፈሰሰ ላቫ የሚጠብሰው ከስሩ ያለውን ብቻ ነው። ይህ ዶለራይት ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ከታች ቀልጦ መጥቶ በንጣፎቹ መሃል የተሰገሰገ። በሼሉ ዕድሜ ብመዘግበው ኖሮ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ እሳሳት ነበር።

ዕለቱ አስተርእዮ ማርያም ነው። ውቅሮ አጠገብ መዶሻ ይዘን ስንዞር አንዲት አደይ ከአጥር ጠሩን። "በማርያም ቀን ድንጋይ አይመታም፣ ግቡ" አሉ። ሕምባሻና ስዋ ቀረበልን። ከዚያ በኋላ መዶሻውን አስቀመጥነው፤ በዓይን ብቻ አየን።

እዚያው ቁጭ ብለን ጋሼ መልሱን ነገሩን። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል ነው። አንድ ቀን አልመጣም። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ መጣ። አባይ ላይ ጨዋማው ኩሬ ጄሶ ሲያስቀምጥ ትግራይ ገና ደረቅ ምድር ነበረች፤ ወንዞች ቀይ አሸዋ ያነጥፉ ነበር። ስለዚህ የፍልቅልቅ ጄሶ ጓደኛው እዚህ ያለው ጄሶ አይደለም። የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ የላይኛው ክፍል ነው።

ቀይ አሸዋውን ከቀይ አሸዋ ጋር በመስመር ያገናኘ ሰው ዘመንን አላገናኘም። ነጩን ጄሶ ከቀዩ አሸዋ ጋር ማገናኘት ነበረበት። ስዋው እጄ ላይ እንዳለ ያ የእርሳስ መስመር ትዝ አለኝ።

ጥር 22፣ ዓዲግራት

ከውቅሮ ወደ ሰሜን በነጋሽ፣ በሲንቃጣ አለፍን። በመንገድ ዳር ግራጫ ጭቃ ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ ድንጋይ ያለ ሥርዓት ተደባልቆ አየን። ውሃ ድንጋይን በመጠን በመጠኑ ይለያል። በረዶ ግን ያገኘውን ሁሉ እየዛቀ ባንድ ላይ ይጥለዋል። ይህ የዕዳጋ ዓርቢ የበረዶ ዘመን ክምችት ነው፤ በካርቦኒፈረስና በመጀመሪያው ፐርሚያን ዘመን፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተቀመጠ። ከስሩ ያለው ነጣ ያለ አሸዋ ድንጋይ እንትጮ ይባላል፤ ዘመኑ ኦርዶቪሺያን ነው፣ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ገደማ።

ድሮ እንትጮና ከበረዶው ክምችት በላይ ያለው ቀይ አሸዋ ድንጋይ በአንድ ላይ ዓዲግራት ይባሉ ነበር። የበረዶው ክምችት መኖሩ የታተመው በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያ ግራጫ ጭቃ ባለበት ቦታ ሁለቱን አሸዋዎች መለየት አያስቸግርም። በሌለበት ቦታ ግን አሸዋ አሸዋ ላይ ተኝቷል። አንዲት ወሰን ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ከጣቴ በላይና በታች ያሉት ድንጋዮች ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይራራቃሉ። ከሩቅ ላየው አንድ ገደል ነው።

ምሳ ጥሕሎ በጾም ወጥ፣ 60 ብር። የገብሱን ድቡልቡል በሹካ እንጨት ወግቶ ወጡ ውስጥ መንከር ልምድ ይጠይቃል። አስተናጋጇ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ።

አዲስ አበባ

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የሁለቱን ጉድጓዶች መዝገብ አወጣሁ። አንደኛው ላይ ከቀዩ አሸዋ በላይ ሦስት ሜትር ግራጫ ጭቃ በእጄ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ላይ የለም። ያኔ ምንም አይደለም ብዬ አልፌው ነበር። ናሙናዎቹ ከመጋዘን እንዲመጡልኝ ጠየቅሁ። መስመሩን በላጲስ አጠፋሁት።